ለምን 32 ገጽ? የልጆች ባለሥዕል መጽሐፍና የወረቀቱ እጥፋት

ጥያቄው፦ «አስተማሪ ነኝ። ለመጀመሪያ ደረጃ ልጆች አንድ ተረት ጽፌ፣ ሠዓሊም አግኝቼ፣ ከነሥዕሉ 27 ገጽ ሆነልኝ። ማተሚያ ቤት ስወስደው ‹ወይ 24 አድርጊው ወይ 32› አሉኝ። ምክንያቱን ስጠይቅ ‹አሠራሩ ነው› ከማለት በቀር ያስረዳኝ የለም። ቤቴ ያሉትን የውጭ የልጆች መጻሕፍት ስቆጥር ደግሞ አብዛኞቹ 32 ገጽ ናቸው። ይህ ሕግ ከየት መጣ? ተረቴንስ መቁረጥ አለብኝ?»

ሰላም መምህርት። «አሠራሩ ነው» ያሉዎት ሰዎች አልዋሹም፤ ታሪኩን ግን አልነገሩዎትም። ከማተሚያ ማሽን አጠገብ ብዙ ዓመት ስለሠራሁና የልጆች መጻሕፍትን ታሪክ ስለምከታተል፣ ጥያቄዎን ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። 32 ማንም ያወጣው ሕግ አይደለም፤ የወረቀት እጥፋት ነው። ለልጅ የሚሆን ጥሩ መጽሐፍ በርካሽ መሥራት የቻሉት ሰዎች ደግሞ ከእጥፋቱ ጋር ሳይጣሉ በእጥፋቱ ውስጥ ያሰቡ ናቸው።

አንድ ባዶ ወረቀት ይውሰዱ። ሦስት ጊዜ መሐል ለመሐል አጥፈው ትንሽ ደብተር ያስመስሉት። ሳይቆርጡ ጠርዙን በጣትዎ እየገለጡ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ከ1 እስከ 16 በእርሳስ ቁጥር ይጻፉ። አሁን መልሰው ይዘርጉት። በአንደኛው ጎን 1፣ 4፣ 5፣ 8፣ 9፣ 12፣ 13 እና 16 ተበታትነው፣ ገሚሶቹ ተዘቅዝቀው ያገኟቸዋል። በሌላኛው ጎን ደግሞ 2፣ 3፣ 6፣ 7፣ 10፣ 11፣ 14 እና 15 አሉ። ማሽኑ መጽሐፍዎን የሚያየው እንዲህ ነው። ገጽ በገጽ አያትምም፤ ትልቁን ወረቀት በአንድ ጎን አንዴ፣ ገልብጦ በሌላው ጎን አንዴ ያትመዋል። ከዚያ ይታጠፋል፣ ይሰፋል፣ ጠርዙ ይቆረጣል። ወረቀት አንዴ ሲታጠፍ 4 ገጽ፣ ሁለቴ ሲታጠፍ 8፣ ሦስቴ ሲታጠፍ 16 ይሆናል። ሁለት ባለ 16 ሲደረቡ፣ ወይም አንድ ሰፊ ወረቀት አንድ ጊዜ ተጨማሪ ሲታጠፍ፣ 32 ይወጣል። 27 የሚባል እጥፋት የለም።

ይህ ከማሽንም በፊት የነበረ ነገር ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን አራት ወይም አምስት ድርብ ቅጠል ደራርበው፣ መሐሉን አጥፈው አንድ ጥራዝ ያደርጉና፣ ጥራዙን ከጥራዝ እየሰፉ ዳዊቱን ይጨርሱ ነበር። እነሱም ቢሆኑ ያሻቸውን ያህል ቅጠል አልጨመሩም፤ ቆዳው የሚሰጠውን ቆጥረው ነው የጻፉት።

ታዲያ 28 ለምን አይሆንም ይሉ ይሆናል፤ በ4 ይካፈላልና። ይሆናል። ዋጋውን የሚያከብደው ግን ገጹ ብቻ አይደለም። ባለሙሉ ቀለም ሥዕል የሚታተመው በአራት ቀለም ነው፤ ሰማያዊ፣ ሮዝ መሳይ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። ለእያንዳንዱ ቀለም በየጎኑ አንድ ፕሌት፣ ማለትም ምስሉን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፍ ስስ የብረት ሰሌዳ ይሠራል። በአንድ ጎን 16 ገጽ የሚይዝ ማሽን ላይ ባለ 32 ገጽ መጽሐፍዎ ለሁለቱ ጎኖች 8 ፕሌት ይበቃዋል። በአንድ ጎን 8 ገጽ ብቻ በሚይዝ ማሽን ላይ ከሆነ ደግሞ ሁለት ወረቀትና 16 ፕሌት ይፈልጋል። በዚሁ ትንሽ ማሽን 24 ላይ 4 ገጽ ልጨምር ሲሉ ለዚያች ቁራጭ ለብቻዋ ፕሌት ማውጣት፣ ማሽኑን ማጠብ፣ ቀለሙን ማመጣጠን፣ አራቱ ቀለሞች አንዱ ባንዱ ላይ በትክክል እንዲያርፉ ወረቀት እያባከኑ መሞከር ይመጣል። ይህን ሁሉ ከፍለው የሚያገኙት 28 ገጽ፣ ዋጋው ከ32 ብዙም ላይርቅ ይችላል። የነገሩዎት ሰዎች ይህን በልባቸው አስልተው ነው «ወይ 24 ወይ 32» ያሉት።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ ልግባ። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ የልጅ «መጻሕፍት» መጽሐፍም አልነበሩም። በእንግሊዝ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት እጀታ ባላት ትንሽ ጣውላ ላይ ከተለጠፈ አንድ ወረቀት ነበር፤ እጅ እንዳያቆሽሸው ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ የቀንድ ቅጠል ይሸፈናል። የኔታ ፊት ተቀምጦ በስንደዶ እየጠቆመ የፊደል ገበታ የቆጠረ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም። ከዚያ በ1658 የሞራቪያው መምህር ኮሜኒየስ በኑረምበርግ ከተማ ዓለምን በሥዕል የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። በ150 ምዕራፎች ሰማዩን፣ እሳቱን፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ልብስ ሰፊውን በእንጨት ቅርጽ ሥዕል እያሳየ ስማቸውን በላቲንና በጀርመንኛ ያስነብብ ነበር። በዓመቱ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ።

የልጆች መጽሐፍ ራሱን የቻለ ንግድ የሆነበትን ጊዜ ሲናገሩ ብዙዎች የሚጠቅሱት 1744ን ነው። የለንደኑ ጆን ኒውበሪ በኪስ የምትገባ ትንሽ መጽሐፍ አውጥቶ ብቻዋን በ6 ፔንስ፣ ለወንድ ልጅ ከኳስ ወይም ለሴት ልጅ ከመርፌ መሰኪያ ትራስ ጋር በ8 ፔንስ ሸጣት። ኳሱና ትራሱ አንድ ጎናቸው ቀይ፣ ሌላው ጥቁር ነው፤ ልጁ ጥሩ ሲሠራ በቀዩ፣ ሲያጠፋ በጥቁሩ ጎን መርፌ ይሰካል። በአሜሪካ ከ1922 ጀምሮ ለልጆች ደራሲ የሚሰጠው ትልቁ ሽልማት የተሰየመው በዚህ ሰው ስም ነው። እኔን ከኒውበሪ ሥራ የሚማርከኝ ግን ዋጋው ነው። ገና ከመነሻው መጽሐፏ ለማን እንደምትሸጥና በስንት እንደምትሸጥ ያውቅ ነበር፤ መጠኗም ዋጋዋም የተቆረጠው በልጅ ኪስ ልክ ነው።

ቀለም ግን ገና አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ይሸጡ የነበሩት ባለቀለም የልጆች መጻሕፍት በጥቁር ታትመው በእጅ የሚቀቡ ነበሩ። ቀቢዎቹም ብዙውን ጊዜ ልጆች ነበሩ። ጠረጴዛ ዙሪያ ይደረደራሉ፤ አንዱ ቀዩን ብቻ ይቀባና ለጎረቤቱ ያሳልፋል፣ ያኛው ሰማያዊውን፣ ቀጣዩ ቢጫውን። አንድ ልጅ አልጋው ላይ ሆኖ የሚያገላብጠውን ቀይ ካባ ሌላ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲቀባው ውሏል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ በእነዚያ አሮጌ ሥዕሎች ላይ ከመስመር አልፎ የፈሰሰ ቀለም ባየሁ ቁጥር የዚያ ልጅ የደከመች እጅ ትታየኛለች።

ይህን የለወጠው ደራሲ ሳይሆን አታሚ ነው፤ ስሙ ኤድመንድ ኢቫንስ ይባላል። ኢቫንስ ሥዕሉን በጠንካራ እንጨት ላይ ይቀርጽና ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው አንድ እንጨት ያዘጋጃል፤ ወረቀቱ ማሽን ውስጥ በቀለሙ ቁጥር ልክ ይመላለሳል። የዛሬዎቹ አራት ፕሌቶች የእነዚያ እንጨቶች የልጅ ልጆች ናቸው። ከ1860ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከሠዓሊው ዋልተር ክሬን ጋር በጥቂት ገጾች የሚያልቁ ባለ 6 ፔንስ መጻሕፍትን ማተም ጀመረ። እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ የሚታየው። ያን ሁሉ እንጨት መቅረጽ ለአንድ ቅጂም ለ50,000 ቅጂም ያው አንድ ወጪ ነው። ስለዚህ በ6 ፔንስ ሽጦ ለማትረፍ 50,000 ያህል ማተም ግድ ነበር። ክሬን ሥዕሎቹን በቁርጥ ዋጋ ይሸጥ ስለነበር መጽሐፎቹ በአሥር ሺዎች ሲሸጡ ለእሱ የተረፈው ነገር የለም። ሌላው የኢቫንስ ሠዓሊ ራንዶልፍ ካልደኮት ግን በ1878 ሲጀምር ሌላ ውል ገባ። ካልተሸጠ ምንም ላይቀበል፣ ከተሸጠ ከእያንዳንዱ ቅጂ ድርሻውን ሊያገኝ። ተሸጠ። መምህርት፣ እርስዎም ከሠዓሊዎ ጋር ምን ዓይነት ውል እንደገቡ ባላውቅም፣ ይህ ጥያቄ ከ140 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ስለሆነ ሳይታተም በፊት በጽሑፍ ይቋጩት።

በ1879 ኢቫንስ የኬት ግሪናዌይን የመጀመሪያ መጽሐፍ 20,000 ቅጂ ሲያትም አሳታሚዎቹ አበድክ ወይ አሉት፤ ዋጋው 6 ሺሊንግ (ያኔ 1 ሺሊንግ 12 ፔንስ ነበር)፣ ሠዓሊዋም ገና ስም ያላወጣች ናት። ሁለተኛውን ዙር አትሞ ሳያደርስ የመጀመሪያው አለቀ። በመጨረሻ 70,000 ደረሰ።

አሁን ለእርስዎ ጥያቄ ከሁሉ የሚቀርበው ታሪክ ላይ ደረስኩ። በመስከረም 1893 ቢያትሪክስ ፖተር የምትባል ሴት ታሞ ለተኛ ኖኤል ለሚባል የአምስት ዓመት ልጅ ደብዳቤ ጻፈች፤ ልጁ የቀድሞ አስተማሪዋ ልጅ ነው። የምትጽፍለት ወሬ ስላጣች ስለ አራት ጥንቸሎች ተረት (ዛሬ በጥንቸሉ ፒተር ስም የሚታወቀውን) ፈጥራ፣ በብዕር እየሣለች ላከችለት። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ደብዳቤ ተውሳ መጽሐፍ አደረገችውና ለስድስት ያህል አሳታሚዎች ላከች። ማንም አልተቀበላትም። ከክርክሮቹ አንዱ ስለ መጠን ነበር፤ ትልቅና ውድ መጽሐፍ ይሁን የሚል ነበር። እሷ በጀ አላለችም። በ1900 ለዚያው ልጅ እህት በጻፈችው ደብዳቤ፣ አንድ ባለ 6 ሺሊንግ ትልቅ መጽሐፍ ከምታወጣ ሁለት ሦስት ትንንሽ ባለ 1 ሺሊንግ መጻሕፍት ብታወጣ እንደምትመርጥ፣ ትንንሽ ጥንቸሎች 6 ሺሊንግ ከየት አምጥተው ይገዛሉ ስትል አጫወተቻት። በታኅሣሥ 1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች፤ ከፊተኛው ሥዕል በቀር ሁሉም በጥቁር መስመር ነበር። አለቀና 200 ደገመች።

በዚህ መሐል ፍሬደሪክ ዋርን የተባለው አሳታሚ ቤት ሥዕሎቹ ሁሉ ባለቀለም ከሆኑ አወጣዋለሁ አለ። ባለቀለም ይሁን ሲባል ሒሳቡ ተነሣ። የሥዕሎቹ ቁጥር መቀነስ ነበረበት፤ ከ40 በላይ የነበሩት ወደ 31 ወረዱ። ይህ በሆነበት ጊዜ የኢቫንስ እንጨት በፎቶግራፍ ተተክቶ፣ ሥዕሉ በሦስት ቀለማት እየተለየ ብረት ላይ ይወጣ ነበር፤ ያም ሆኖ መጽሐፉን ያተመው የዚያው የኢቫንስ ማተሚያ ቤት ነው። በጥቅምት 1902 በ1 ሺሊንግ ዋጋ 8,000 ቅጂ ወጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅ 28,000 ደረሰ። በማግስቱ ዓመት የሽፋኑ ውስጠኛ ወረቀት በሥዕል ይጌጥ ሲባል ቦታ ጠፋ፤ ከተረቱ መሐል አራት ሥዕሎች ወጡ። የዓለም ልጆች ለመቶ ዓመት ያህል ያለ እነዚያ አራት ሥዕሎች አነበቡት፤ ተመልሰው የገቡት በ2002 ነው። ተረቱ አልጎደለም። እርስዎ መቁረጥ አለብኝ ወይ ብለው ሲጨነቁ የማስበው እነዚያን አራት ሥዕሎች ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አሳታሚዎቹ መጽሐፉን በአሜሪካ በሕግ ሳያስመዘግቡ ቀሩና በ1904 ሌሎች ያለ ፈቃድ አትመው መሸጥ ጀመሩ። ለደራሲዋ አንዲት ሳንቲም አልደረሳትም። የእርስዎን ሥራ ከማተምዎ በፊት ያስመዝግቡ።

32 ገጽ በግልጽ የአንድ ወረቀት ጥበብ ሆኖ የታየው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነው፤ መነሻው ግን ከሩሲያ ነው። ከ1922 ጀምሮ በፔትሮግራድ፣ በኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ፣ ራዱጋ የተባለ አሳታሚ ቤት፣ ቀጥሎም የመንግሥት ማተሚያው፣ ስስ፣ ልስልስ ሽፋን ያላቸው፣ በሽቦ የተሰፉ ባለቀለም የልጆች መጻሕፍት በብዛት ያወጡ ነበር። በ1929 ፓሪስ ውስጥ ለዕይታ ሲቀርቡ አውሮፓውያን ተደነቁ። ድንቁ ዋጋቸው ነበር። እነዚያን መጻሕፍት ያየ ኖኤል ካሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ አዘጋጅ ሐሳቡን ለፔንግዊን አሳታሚ ቤት መሥራች ለአለን ሌን አቀረበ። ቦምብ እየወረደ፣ ወረቀት በራሽን በሚታደልበት በታኅሣሥ 1940 የዚሁ ቤት «ፐፊን» ባለሥዕል መጻሕፍት በ6 ፔንስ መውጣት ጀመሩ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ሠዓሊው ሥዕሉን ለፎቶ አንሺ አይሰጥም፤ ራሱ ለእያንዳንዱ ቀለም በቀጥታ ፕሌቱ ላይ ይሥላል። በዚህ የአንድ ሙያተኛ ዋጋ ቀረ። ከዚያ ሙሉው መጽሐፍ በአንድ ትልቅ ወረቀት ይታተማል፤ በአንዱ ጎን በቀለም 16 ገጽ፣ በሌላው ጎን በጥቁር ብቻ 16 ገጽ። ቅድም ያጠፉትን ወረቀት አሁን ያንሡት። አንደኛው ጎን ላይ ያሉት 4 እና 5፣ 8 እና 9፣ 12 እና 13 አይደሉም? ያ ጎን ቢቀባ፣ ሲታጠፍ 2 እና 3 ጥቁር፣ 4 እና 5 ባለቀለም፣ 6 እና 7 ጥቁር፣ 8 እና 9 ባለቀለም እየሆነ ይሄዳል። ልጁ በገለጠ ቁጥር ጥቁር፣ ቀለም፣ ጥቁር፣ ቀለም ያያል። ግማሽ ዋጋ ከፍለው ሙሉ በዓል አደረጉለት። በእኔ ሙያ ከዚህ የበለጠ ልብ የሚያሞቅ ብልሃት አላየሁም። በጀትዎ ከጠበበ እርስዎም ዛሬ ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ፤ ሠዓሊዎ ከመጀመሪያው ካወቀ፣ ቤት ውስጥ ያለውን በጥቁር፣ ደጁን በቀለም አድርጎ ሊሥለው ይችላል።

በአሜሪካም በ1942 በ25 ሳንቲም የወጡት 12 «ትንንሽ ወርቃማ መጻሕፍት» የተባሉት በአምስት ወር 1.5 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጡ። ሲጀምሩ 42 ገጽ ነበሩ፤ እየቀነሱ እየቀነሱ 24 ላይ ረጉ። ወረቀቱ በመጨረሻ የራሱን አገኘ።

የእኛስ? በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ቢፈልጉ መደርደሪያው ላይ አጡ። በ2002 ራሳቸው የሞኙን ማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከነሥዕሉ አወጡ፤ በተከታዩ ዓመትም አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። እርስዎ አሁን የያዙት ሥራ ያንኑ መደርደሪያ ለመሙላት ነው፤ ለዚህ ነው 27ቱን ገጽ እንደ ራሴ ጉዳይ የማየው።

ወደ ተረትዎ ልመለስ። 32 ገጽ ማለት 32 ገጽ ተረት ማለት አይደለም። 1 የርዕስ ገጽ ነው፣ 2 የአሳታሚና የመብት መረጃ ይይዛል፣ ተረቱ 3 ላይ ይጀምራል። ከዚያ ከ4–5 እስከ 30–31 ድረስ ጎን ለጎን የሚታዩ 14 ጥንድ ገጾች አሉዎት፤ 32 ብቻዋን ትዘጋለች። በ24 ከሆነ ጥንዶቹ 10 ብቻ ናቸው። ስለዚህ የእርስዎ 27 ገጽ እነዚህን ሁለት መግቢያ ገጾች ካልቆጠረ 29 ሆኗል ማለት ነው፤ ለ32 የቀረዎት ሦስት ገጽ ነው። እኔ ብሆን አልቆርጥም። ተረቱ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራውን ወይም የሚያስቀውን ቦታ ፈልጌ፣ ቃል የሌለበት ሥዕል ብቻ ጥንድ ገጽ ላይ እንዲንጣለል አደርጋለሁ። ልጆች ዝም ብለው የሚያዩበት ገጽ ያስፈልጋቸዋል። የቀረችውን አንዷን ደግሞ መጨረሻ ላይ ለትንሽ ሥዕል እተዋታለሁ።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ገጹ የሚገለጥበት ቦታ ነው። እሳት ዳር ተረት የምትነግር እናት የት ላይ ትንፋሽ እንደምትይዝ ታውቃለች፤ «ከዚያስ?» እስክንላት ትጠብቃለች። በመጽሐፍ «ከዚያስ?» የሚለው የልጁ እጅ ነው። በዚህ ነገር አማርኛ ታድሏል፤ ግሳችን መጨረሻ ላይ ይመጣልና። «ጅቡም ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ የጎጆዋን መዝጊያ…» ብለው በቀኝ ገጽ ላይ ይተዉትና «ላሰው» ወይም «ገፋው» ወይም «ፈራው» የሚለውን ከገጹ ጀርባ ያድርጉት። ልጁ ጅቡ ምን እንዳደረገ ለማወቅ ገጹን መግለጥ ግድ ይሆንበታል። ከእንግሊዝኛ የሚተረጎሙ የልጆች መጻሕፍት ይህን ጸጋ ብዙ ጊዜ ያባክኑታል፤ ዓረፍተ ነገሩን እዚያው ጨርሰው ነው ገጹን የሚያስገልጡት።

እንግዲህ ስምንት ኤፎር ወረቀት ደርበው፣ መሐሉን አጥፈው በስቴፕለር ይምቱት፤ ባለ 32 ገጽ ባዶ መጽሐፍ ይሆናል። ጽሑፍዎን በእርሳስ ይከፋፍሉበት፣ ሥዕሎቹን በክብና በመስመር ብቻ ያመልክቱ። ከዚያ ክፍልዎ ውስጥ ላለ አንድ ልጅ ያንብቡለት፤ ገጹን እርስዎ ሳይሆኑ እሱ ይግለጥ። እጁ ቀድሞ የሚሄድበትንና ፈዝዞ የሚቀርበትን ገጽ ምልክት ያድርጉ። ያንን ባዶ መጽሐፍ ይዘው ማተሚያ ቤቱ ሲመለሱ፣ ስለ ዋጋ ከማውራትዎ በፊት «ማሽናችሁ በአንድ ጎን ስንት ገጽ ይይዛል?» ብለው ይጠይቁ።